ከሕሙማን አልጋ እስከ ቤተ ሙከራ፦ ለልብ ሕመም አዲስ ሕክምና የሚፈልግ ባለሙያ እንዴት ይሠለጥናል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



እንደምታውቁት እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የፊዚዮሎጂ መምህር ነኝ። ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በልብ ጡንቻ አሠራር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ ለሕክምና ተማሪዎች በማስተማር ነው። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ወዳጄ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሕሙማን ክፍል እንድመጣ ጋበዘኝ። አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ ከዐሥራ አራት የማይበልጥ ልጅ ነበረች። ማይትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ ጠብቦ፣ ደም ወደ ሳንባዋ እየተመለሰ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ የልቧን ድምፅ አዳመጡ። እኔም በጠበበው ቫልቭ ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት በወረቀት ላይ ሥዬ አስረዳሁ። በገለጻዬ ረክቼ ወረቀቴን ሳጥፍ ልጅቷ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ መድኃኒቱ መቼ ይገኛል?» አለችኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ልቧ ስንነጋገር ስትሰማ፣ መድኃኒት እየፈለግንላት መስሏት ነበር።

ወዳጄን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እሱ ታማሚዋን ያውቃታል፤ ቫልቩ ለምን እንደሚጠብብና ጠባሳው እንዴት ሊገታ እንደሚችል ግን እንዲጠይቅ አልሠለጠነም። እኔ ቫልቩን አውቀዋለሁ፤ ታማሚ ግን ቀርቤ አነጋግሬ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም ከእኛ ሌላ የሆነ ሰው፣ ከእኛ ርቆ በሚገኝ አገር፣ መልሱን እየፈለገ እንደሆነ ገምተን እንኖር ነበር። የዛሬው ገለጻዬ ርእሰ ጉዳይ ይኸው ግምት ነው።

ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብ አጭር ነው። ለልብ ሕመም የተገኙ ታላላቅ ሕክምናዎች የተወለዱት ጥያቄን ከታማሚ አልጋ ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው፣ መልሱን እንደገና ወደ አልጋው መመለስ በሚችሉ ሰዎች እጅ ነው። ይህ ችሎታ በተፈጥሮ የሚገኝ ተሰጥኦ ሳይሆን በሥልጠና የሚገነባ ሙያ ነው። አንድ አገር ይህን ሙያ ካላስተማረ ደግሞ ታማሚዎቹ በሌሎች ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በተገኘ መልስ ብቻ ይኖራሉ። ያ መልስ ለእነሱም ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅላቸው የለም።

ሦስት ሰዎች፣ አንድ ቀዶ ሕክምና

በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሄለን ታውሲግ የተባለች የሕፃናት ልብ ሐኪም ነበረች። ከልባቸው አፈጣጠር ጉድለት የተነሣ በቂ ደም ወደ ሳንባቸው ስለማይደርስ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር ሕፃናትን ትከታተል ነበር። በጊዜው ለእነዚህ ሕፃናት የሚደረግ ምንም ነገር አልነበረም። ታውሲግ ግን አንድ ነገር አስተዋለች፦ ከልብ በሚወጡት ሁለት ታላላቅ የደም ሥሮች መካከል ያለው፣ ከልደት በኋላ ሊዘጋ የሚገባው መተላለፊያ ክፍት የቀረላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይሻሉ ነበር፤ መተላለፊያው ሲዘጋ ይደክማሉ። እንግዲያስ መተላለፊያውን በሰው እጅ መሥራት ይቻል ይሆን? ይህ ከታማሚ አልጋ የመነጨ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን የተቀበለው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ ነው። መልሱን በእጁ የሠራው ግን ቪቪየን ቶማስ የተባለ የቤተ ሙከራ ረዳት ነበር። ቶማስ በአናጺነት የሠራ፣ ለኮሌጅ ያጠራቀመውን ገንዘብ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ያጣ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ነው። በ1930 በብላሎክ ቤተ ሙከራ ተቀጥሮ የቀዶ ሕክምናን ጥበብ እዚያው ተማረ። ሁለት መቶ ያህል ውሾች ላይ ሠርቶ ዘዴውን አበሰለ። ኅዳር 29 ቀን 1944 ብላሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲያክም፣ ቶማስ ከኋላው ቆሞ እያንዳንዱን ስፌት ይመራው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለቶማስ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ከሠላሳ ሁለት ዓመታት በኋላ፣ በ1976 ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመውን ልለይ። የምታስተውል ሐኪም፣ የሚደፍር ቀዶ ሐኪም፣ የሚሞክር የቤተ ሙከራ ባለሙያ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሕክምናው አይወለድም ነበር። ስለ ሥልጠና ስንነጋገር ስለ ዲግሪ ባለቤቶች ብቻ ማሰብ የለብንም። የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑ፣ የባዮሜዲካል መሐንዲሱና ነርሷ በዚህ ሥራ ውስጥ አጃቢዎች አይደሉም፤ ሠራተኞቹ ናቸው።

ቤተ ሙከራ የገቡ ሐኪሞች

ሁለተኛው ታሪክ የኮሌስትሮል ነው። ጆሴፍ ጎልድስታይንና ማይክል ብራውን የተዋወቁት በቦስተን ከተማ ጀማሪ ሐኪሞች ሳሉ ነው። ከዚያም ሁለቱም ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሄዱ። በዚያ ዘመን ተቋሙ ወጣት ሐኪሞችን እየተቀበለ ለጥቂት ዓመታት ከመሠረታዊ ሳይንስ ጋር ያኖራቸው ነበር፤ ጠዋት ታማሚ ያያሉ፣ ከሰዓት በኋላ ኢንዛይም ይለካሉ። እዚያም ኮሌስትሮላቸው ከመጠን በላይ የሆነና ገና በልጅነታቸው የልብ ድካም የሚያጋጥማቸውን ሕፃናት አዩ። ሕመሙ ከወላጆች የሚወረስ ነው።

ተራ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ ሕፃናቱን መዝግበው ያልፉ ነበር። እነሱ ግን በዳላስ ከተማ አንድ ቤተ ሙከራ አቋቁመው የታማሚዎችን የቆዳ ሕዋሳት አሳደጉ። የጤነኛ ሰው ሕዋስ ኮሌስትሮል ተሸካሚውን ቅንጣት ከደም ውስጥ የሚቀበልበት በር እንዳለው፣ በታማሚዎቹ ሕዋሳት ላይ ግን ይህ በር እንደሌለ ወይም እንደማይሠራ ደረሱበት። በ1985 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በሌላ በኩል በጃፓን አኪራ ኤንዶ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ፣ የኮሌስትሮል ምርትን የሚገታ ንጥረ ነገር ፍለጋ ከስድስት ሺህ በላይ የሻጋታና የፈንገስ ዝርያዎችን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ግኝቱንም በ1976 ይፋ አደረገ። ዛሬ ስታቲን የምንላቸው መድኃኒቶች ከዚህ መጡ። የመጀመሪያው ለሽያጭ የተፈቀደው በ1987 ነው። መድኃኒቱ የሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ በማያሻማ ሁኔታ የታየው ደግሞ በ1994፣ በሰሜን አውሮፓ 4,444 የልብ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ሲሆን፣ ሞት በ30 በመቶ ቀነሰ።

ዓመታቱን ቁጠሩልኝ። ኤንዶ ግኝቱን ካሳወቀበት እስከ ማረጋገጫው ዐሥራ ስምንት ዓመት፤ ሐኪሞቹ ቤተ ሙከራ ከገቡበት ከቈጠርን ደግሞ ሩብ ምዕተ ዓመት። ለዚህ ሥራ ባለሙያ የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ የሚዘራው ባሕር ዛፍ ሳይሆን ወይራ ነው። የበጀት ዓመት ሲዘጋ ፍሬውን ልየው የሚል አስተዳዳሪ ባያየው አይፈረድበትም፤ ግን ችግኙን ሊነቅለው አይገባም።

መጠራጠርን መማር

ሦስተኛው ታሪክ የስኬት አይደለም፤ ስለዚህም ለሥልጠና ከሁሉ የበለጠ ይጠቅማል። በልብ ድካም ከተጠቁ በኋላ የልብ ምታቸው የሚዛባ ሰዎች በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቅ ነበር። የምት መዛባትን የሚያስወግዱ መድኃኒቶችም ነበሩ። እንግዲያስ መድኃኒቱን ብንሰጥ ሞት ይቀንሳል ተባለ። ሐሳቡ ለፊዚዮሎጂ መምህር እንደ ማር የሚጥም ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አስተምር ነበር። ሐኪሞችም በቅን ልቡና ለብዙ ሕሙማን አዘዙት።

በኋላ ግን በአሜሪካ ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት ተካሄደ። ኤንካይናይድ ወይም ፍሌካይናይድ ከተሰጣቸው 755 ሰዎች 63ቱ ሲሞቱ፣ ከመድኃኒቱ ጋር በመልክ የሚመሳሰል ነገር ግን መድኃኒት የሌለው እንክብል ከተሰጣቸው 743 ሰዎች የሞቱት 26 ነበሩ። የምት መዛባቱ ጠፍቷል፤ ታማሚው ግን ሞቷል። ጥናቱ በ1989 በዚህ ክንዱ እንዲቆም ተደረገ።

እዚህ ላይ የሞኝ ወይም የክፉ ሐኪም ታሪክ አልነገርኋችሁም። የነገርኋችሁ፣ አሳማኝ ሐሳብና የተረጋገጠ እውነት ልዩነት ያላቸው መሆኑን የሚያስተምር ሥልጠና ባይኖር ምን ሊደርስ እንደሚችል ነው። ተማሪዎቻችን የጥናት ንድፍንና ስታቲስቲክስን ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት የሚሸመደዱ አድርገው ያያሉ። ስታቲስቲክስ ግን ራሳችንን ከገዛ ብልሃታችን የምንጠብቅበት መሣሪያ ነው።

የእኛ ሕመም፣ የእኛ ጥያቄ

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ሕመሟ የሩማቲክ ልብ ሕመም ነበር። በልጅነት በተደጋጋሚ የሚይዝ፣ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው፣ የሰውነትን መከላከያ ያሳስታል፤ መከላከያውም ባክቴሪያውን ያጠቃ እየመሰለው የልብን ቫልቮች ያቆስላል። በሀብታም አገሮች መኖሪያ ቤት ሲሰፋና ሕክምና ሲዳረስ ሕመሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሕመሙ ከእነሱ ደጅ ሲርቅ የተመራማሪዎቹ ዓይንም አብሮ ራቀ። ዛሬም የምንሰጠው ዋናው መከላከያ፣ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው።

ጥያቄው ወደ አፍሪካ የተመለሰው አፍሪካውያን ሲጠይቁት ነው። ቦንጋኒ ማዮሲ በደቡብ አፍሪካ ሕክምና ተምሮ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ምርምሩን ሠርቶ፣ ወደ ኬፕታውን የተመለሰ የልብ ሐኪም ነበር። በ2018 ከዚህ ዓለም እስከ ተለየበት ጊዜ ድረስ ጥናትና ሥልጠናን አንድ ላይ ይሠራ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዘገቡ። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶው ዐሥራ ሰባት ያህሉ ሞቱ። ይህን ያህል የሚገድል ሕመም መኖሩን ዓለም ከመገመት አልፎ የቈጠረው ያኔ ነው። በ2015 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ሕመሙን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስፈልጉ ሰባት እርምጃዎች ተዘርዝረው መግለጫ ወጣ።

ከዚያ የተከተሉ ሁለት ጥናቶችን ብቻ ላንሣ። የመጀመሪያው የኡጋንዳ ነው። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ገና ስሜት የማይሰጥ ሕመም የተገኘባቸው 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የባሰባቸው፣ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወስዱ ከቆዩት 3 ልጆች ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 33 ነበሩ። የዛሬ ሰባ ዓመት መድኃኒት፣ በአዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ሕክምና ሆነ። አዲስ ሕክምና ማለት ሁልጊዜ አዲስ ሞለኪውል ማለት እንዳልሆነ ይህን ምሳሌ ያዙልኝ።

ሁለተኛው የደም መርጋትን ይመለከታል። ቫልቭ የጠበበበትና ምቱ የተዛባ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። ለዚህ የምንሰጠው ዋርፋሪን አስቸጋሪ መድኃኒት ነው፤ ደም እየተመረመረ መጠኑ መስተካከል አለበት፤ ቫይታሚን ኬ የበዛበት ምግብ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች በሀብታም አገሮች ሲገኙ፣ ለእኛም ሕሙማን ይበልጣሉ ተብሎ ተስፋ ተደረገ። ነገር ግን በቀደሙት ታላላቅ ጥናቶች ውስጥ የእኛ ዓይነት ሕሙማን፣ ማይትራል ቫልቫቸው ክፉኛ የጠበበ፣ አልተካተቱም ነበር። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ተሳትፈውበት በ2022 የታተመው ጥናት ተስፋውን ገለበጠው። አዲሱን ሪቫሮክሳባንን ከወሰዱት 2,275 ሰዎች 560ዎቹ ስትሮክን፣ ሞትን ወይም ተመሳሳይ ጉዳትን ሲያስተናግዱ፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት 2,256 ሰዎች ግን 446ቱ ናቸው። የተሻለው አሮጌው መድኃኒት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጥናት ባይሠራ ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? ዘመናዊ ነው ብለን አዲሱን በብዙ ወጪ ገዝተን፣ በቅን ልቡና፣ ሕሙማናችንን እንጎዳ ነበር። በመግቢያዬ «መልሱ ለእነሱም ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅላቸው የለም» ያልሁት ይህን ነው።

«በቅድሚያ ሐኪም ይብቃን» ለሚሉ

ይህን ስናገር አንዳንድ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ክብደቱን አልንቀውም። «የልብ ሐኪም ስንት አለን? የቀዶ ሕክምና ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ሐኪሙን ከሕሙማን አልጋ አንሥተህ ቤተ ሙከራ ስታስገባው፣ የዛሬው ታማሚ ማን ያየዋል?» ይላሉ።

እውነት ነው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ከበጎ አድራጊዎች በተሰበሰበ ገንዘብ ቆሞ የስንቱን ቤት ልጅ ሕይወት እንዳተረፈ እናውቃለን። ቀዶ ሕክምና ይስፋ፤ ከዚህ በላይም ይስፋ። ነገር ግን ቫልቩ የተበላሸበትን ልጅ ሁሉ በቀዶ ሕክምና አክሞ የሚጨርስ አገር የለም። ወንዙን ከምንጩ የሚገታ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ሐኪም ተመራማሪ ይሁን አላልሁም። ከሃያ ሬዚደንቶች አንዱ ቢሆን በቂ ነው፤ አንዱ ግን ዕድል ሆኖ ሳይሆን ታስቦበት ይገኝ።

ምን እናድርግ?

አሁን የራሳችንን ቤት ልመርምር። የሬዚደንት የመመረቂያ ጥናት በአብዛኛው እንዴት ይሠራል? ርእሱ በመጨረሻው ዓመት ይመረጣል፤ መጠይቅ ይበተናል፤ ከመቶ ስንቱ ያውቃሉ፣ ስንቱ አያውቁም ተብሎ ይቈጠራል፤ ይጠረዛል፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከእነዚህ ጥራዞች ብዙዎቹ ላይ የእኔ ፊርማ አለ። አንድ ጊዜ ተማሪዬ የነበረች ሬዚደንት፣ «በጾም ወራት ዋርፋሪን የሚወስዱ ታማሚዎቼ የደም ምርመራ ውጤት ይለዋወጥብኛል፤ ጎመን ስለሚያዘወትሩ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ከታማሚ አልጋ የመነጨ፣ የእኛው አገር፣ የእኛው ገበታ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ጊዜው አጭር ነው፣ ቀለል ያለ ርእስ ያዢ አልኋት። ያዘች፤ ተመረቀችም። ያ ጥያቄ ግን ሳይጠና ቀረ። ከብዙ ስሕተቶቼ የሚቈጨኝ ይህ ነው።

ስለዚህ የምመክረው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምር። ተማሪው በየሳምንቱ ካያቸው ሕሙማን መልስ ያላገኘለትን አንድ ጥያቄ በማስታወሻው ይጻፍ፤ የመመረቂያ ርእሱም ከዚያ ማስታወሻ ይመረጥ።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ሐኪም ሁለት አማካሪ ይመደብለት፤ አንዱ ከሕሙማን ክፍል፣ አንዱ ከቤተ ሙከራ። እኛ የመሠረታዊ ሳይንስ መምህራንም በወር አንድ ቀን ከሐኪሞቹ ጋር ሕሙማንን እንጐብኝ። ያንን የልጅቷን ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ይከለል። በሦስት ቀን አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያድር ሬዚደንት በትርፍ ሰዓትህ ተመራመር ቢባል ቀልድ ነው። አሜሪካኖች በ1964 ሕክምናና ዶክትሬትን አጣምሮ የሚያስተምር ፕሮግራም በመንግሥት ገንዘብ ሲጀምሩ የተረዱት ይህንን ነው። ይህም ሆኖ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ጄምስ ዋይንጋርደን የተባሉ ምሁር ተመራማሪ ሐኪም ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ ሆኗል ብለው ጻፉ። እነሱ ዘንድ እንዲህ ከተባለ፣ ያለ ጊዜና ያለ ደመወዝ እኛ ዘንድ እንዴት ይበቅላል?

አራተኛ፣ ተምሮ ለሚመለስ ሰው ቦታ ይዘጋጅለት። ውጭ አገር ለሥልጠና የምንልከው ወጣት ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ክፍልና ለጉምሩክ የሚጻፍ ደብዳቤ ከሆነ፣ ባይመለስ ወይም ተመልሶ ቢሄድ በአገር ፍቅር ማነስ አንክሰሰው። መሣሪያውን የሚጠግን ቴክኒሻን፣ ሕሙማንን የሚከታተል ነርስ፣ መረጃ የሚይዝ ባለሙያ አብሮ ካልሠለጠነ አንድ ሰው ብቻውን ምንም አያደርግም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይነካ መሠረት አለ። ሕሙማናችን ለጥናት ሲጠየቁ በሚገባቸው ቋንቋ፣ የመከልከል መብታቸው ተነግሮአቸው መሆን አለበት። «እሺ» ያለች እናት ሐኪሙን አክብራ ወይም ፈርታ ይሁን፣ ተረድታ ይሁን፣ መለየት የሥልጠናው አካል ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ያች ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰባት አላውቅም። ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከች፤ እኔም አልተከታተልሁም። በየዓመቱ የማይትራል ቫልቭን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስሥል ግን ጥያቄዋ ይመጣብኛል። ዛሬ ብትጠይቀኝ «መቼ እንደሚገኝ አላውቅም፤ የሚፈልገው ሰው ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል» ልላት እወዳለሁ። እንዲህ ለማለት የሚያስደፍረኝ የእናንተ ሥራ ነው፤ የእናንተን ሥራ የሚያስችለው ደግሞ እኛ የምንሠራው ሥልጠና።